ፒክልቦል ለመጀመር ስንት ያስፈልጋል? ከየትስ ይጀመራል?

ጥያቄ፦ «47 ዓመቴ ነው። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ቅዳሜ ቅዳሜ ፒክልቦል ይጫወታሉ፤ እኔንም ነይ እያሉኝ ነው። ራኬት በእጄ ይዤ አላውቅም። ባለቤቴም አብሮኝ መጀመር ይፈልጋል። ሱቅ ሄደን ፓድል (መምቻውን) ስናይ አንዱ 230 ዶላር ነው። አጠገባችን የተከፈተው ክለብ ደግሞ ለአንድ ሰው በወር 120 ዶላር ይላል። እውነት ይህን ያህል ያስወጣል? ሕጉንስ ከየት ጀምረን እንማረው?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ የ230 ዶላሩን ፓድል እዚያው ይተዉት። ክለቡንም ለጊዜው ይርሱት። ለሁለታችሁ 200 ዶላር አካባቢ ይበቃል፤ ከዚያም ውስጥ አብዛኛው የሚሄደው ለጫማ ነው። ለሜዳ የሚሆን ጫማ ቤት ካላችሁ ከ70 ዶላር ባልበለጠ ትጀምራላችሁ። ሳሰለጥን ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። ሰው ዕቃው ላይ እጁን ይዘረጋል፣ መማሩ ላይ ግን ይሰስታል። ሁለት ወር ሳይሞላ ውዱ ፓድል መኪና ውስጥ ተጥሎ ይቀራል። እናንተ ገንዘባችሁን ለጫማ፣ ጊዜያችሁን ለልምምድ አውሉት።

ፒክልቦል ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን የፕላስቲክ ኳስ በፓድል እየመቱ በመረብ ላይ የሚያመላልሱበት ጨዋታ ነው፤ ሲፈጠርም ወጪ የሚጠይቅ አልነበረም። በ1965 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን ግዛት፣ ቤይንብሪጅ ደሴት ላይ፣ ጆኤል ፕሪቻርድ እና ቢል ቤል የተሰላቹ ቤተሰቦቻቸውን ለማጫወት ብለው ነው የጀመሩት። ግቢው ውስጥ የቆየ የባድሚንተን ሜዳ ነበር፤ የባድሚንተኑ ዕቃ ግን አልተሟላም። የጠረጴዛ ቴኒስ መምቻ አነሱ። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ኳስ አገኙ። ቆየት ብሎም መረቡን ዝቅ አደረጉት። ባርኒ ማካለም የሚባል ወዳጃቸው ደግሞ ከኮምፔንሳቶ ፓድል ቆርጦ ሠራ። ዛሬም የፒክልቦል ሜዳ ልኩ የባድሚንተን የጥንድ ሜዳ ልክ ነው። የአሜሪካ የስፖርትና የአካል ብቃት ኢንዱስትሪ ማኅበር በ2024 ወደ 19.8 ሚሊዮን አሜሪካውያን እንደተጫወቱት አስታውቋል። ይህን ያህል ሰው ባለበት ሻጩም ይበዛል፤ ሱቅ ውስጥ ያያችሁት ዋጋ ከዚያ የመጣ ነው።

ከጫማው ልጀምር። የሩጫ ስኒከር አድርጋችሁ አትሂዱ። የሩጫ ጫማ የተሠራው ወደ ፊት ለሚሄድ እግር ነው። ተረከዙ ከፍ ያለ ነው፣ ሶሉም ለስላሳ ነው። ፒክልቦል ግን ብዙውን ጊዜ ወደ ጎን ነው የሚያስኬደው። ወደ ቀኝ ተራምደው ድንገት ሲቆሙ ያ ለስላሳ ሶል ይታጠፋል፤ ቁርጭምጭሚትዎም አብሮ ይታጠፋል። የሜዳ ቴኒስ ጫማ ይግዙ። ሱቅ ውስጥ ጫማውን ከፊትና ከኋላ ይዘው ጠምዘዝ ያድርጉት። መሀሉ ላይ በቀላሉ ከተጠማዘዘ ይመልሱት። ከ60 እስከ 80 ዶላር ጥሩ ጫማ ይገኛል፤ ያለፈው ዓመት ሞዴል ከሆነ ደግሞ ይረክሳል።

ፓድሉ ቀላል ነው። ሁለት ፓድል ከጥቂት ኳስ ጋር አብሮ በአንድ ጥቅል የሚሸጥ ፋይበርግላስ አለ፤ ከ50 እስከ 70 ዶላር ነው። ዋልማርት፣ ዲክስ፣ አማዞን ላይ ሞልቷል። ርካሽ ነው ብላችሁ የእንጨቱን ፓድል ግን አትግዙ፤ ይከብዳል፣ ክርንም ያሳምማል። ክብደቱ ከ7.5 እስከ 8.2 አውንስ፣ ማለትም ከ213 እስከ 232 ግራም ገደማ ቢሆን ይመረጣል። እጀታው ልክዎ መሆኑን በዚህ ይወቁ። ጨብጠው ሲይዙት በጣቶችዎ ጫፍና በመዳፍዎ መካከል የሌላኛው እጅዎ ሌባ ጣት ልክ መግባት አለበት። አልገባ ካለ እጀታው ቀጥኗል፤ ቦታ ከተረፈ ወፍሯል። ልክ ያልሆነ እጀታ አጥብቀው እንዲጨብጡ ያደርግዎታል፤ ይህም ክርን ሊያሳምም ይችላል።

230 ዶላር የሚጠየቅበት ፓድል መጥፎ ሆኖ አይደለም። ፊቱ ካርቦን ፋይበር ነው፤ ኳሱን ያሾራል፣ ጉልበት ይጨምራል። ይህ የሚጠቅመው ግን ኳሱን የት እንደሚያሳርፍ ለሚያውቅ ሰው ነው። ጀማሪ እጅ ላይ ሲገባ ኳሱ ከኋላ መስመር እያለፈ ያስቸግራል። ጥቂት ወራት ከተጫወቱ በኋላ የሰው ፓድል እየተዋሱ ይሞክሩ። ሰው ደስ ብሎት ያውሳል። ያን ጊዜ 100 ዶላር አካባቢ የሆነ፣ 16 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ፓድል ቢገዙ ለረጅም ጊዜ ይሆንዎታል። ፓድሉ ላይ የምታዩት የዩኤስኤ ፒክልቦል (ስፖርቱን በአሜሪካ የሚያስተዳድረው አካል) የማጽደቂያ ምልክት የሚያስፈልገው ለይፋዊ ውድድር ነው፤ ለቅዳሜ ጨዋታ አያሳስባችሁ።

ኳስ ሁለት ዓይነት ነው። የውጭው ጠንከር ያለ ነው፤ 40 ትንንሽ ቀዳዳ አለው። የቤት ውስጡ ለስለስ ይላል፤ 26 ሰፋፊ ቀዳዳ አለው። አንዱ 3 ዶላር አካባቢ ነው። ብርድ ሲሆን የውጭው ኳስ ቶሎ ይሰነጠቃል፤ ድምፁ ሲለወጥ ያውቁታል።

አሁን ወደ ሜዳው። እናንተ ባላችሁበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ መናፈሻዎች ውስጥ ያለ ክፍያ የሚጫወቱበት ሜዳ አለ። ወንዙን ተሻግረው ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ያሉ ዘመዶች ቢኖሯችሁ እነሱም ጋ አለ። የካውንቲው መናፈሻ ድረ ገጽ ላይ ፒክልቦል ብላችሁ ብትፈልጉ ዝርዝሩ ይወጣል። አንዳንዱ ሜዳ ለፒክልቦል ብቻ የተሠራ ነው። አንዳንዱ ደግሞ የሜዳ ቴኒስ ሲሆን የፒክልቦሉ መስመር በሌላ ቀለም ተሰምሮበታል። እዚያ ላይ የቴኒሱ መረብ መሀሉ ላይ ከፒክልቦሉ በ5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ለመማር አይከለክልም። የብርዱ ወራት ሲገባ የካውንቲው የመዝናኛ ማዕከላት በጂም ውስጥ ያጫውታሉ። እንዲህ ያሉ ቦታዎች ለአንድ ቀን የሚያስከፍሉት አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ዶላር በታች ነው።

በሕዝብ ሜዳ ላይ ወረፋ የሚያዘው በፓድል ነው። አጥሩ ላይ ባለው መደርደሪያ ፓድላችሁን በተራ ታስቀምጣላችሁ። አራት ተጫዋች ጨርሶ ሲወጣ ቀጣዮቹ አራት ፓድሎች ይገባሉ። የማያውቁት ሰው አጠገብ ይቆማሉ ማለት ነው። «ጀማሪ ነኝ» ብለው ቀድመው ይንገሯቸው። አብዛኛው ሰው ሲያስተምር ነው የሚታየው።

ክለቡን ደግሞ በሒሳብ እንየው። 120 ዶላር ለሁለት በወር 240 ነው፤ በዓመት 2,880 ዶላር ይሆናል። በሳምንት ሦስቴ የሚሄድ ሰው በአንድ ቀን 10 ዶላር ያህል ከፈለ ማለት ነው፤ ይህ ይከፋል አይባልም። በሳምንት አንዴ ለሚሄድ ግን በአንድ ቀን 30 ዶላር ገደማ ነው። ሥራና ልጅ ያለው ሰው ስንቴ እንደሚሄድ ሳያውቅ ፈርሞ መግባት የለበትም። ከፈረማችሁም አስቀድማችሁ ጠይቁ። የመመዝገቢያ ክፍያ አለው? ለማቋረጥ ስንት ቀን በፊት ማሳወቅ ይፈለጋል? ከሥራ መልስ ባሉት ሰዓቶች ሜዳ ለማስያዝ ተጨማሪ ያስከፍላል? ቅር የሚያሰኘው ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ነው። በወር ከፍላችሁ በምትፈልጉት ሰዓት ሜዳ ካጣችሁ ምን ዋጋ አለው?

ገንዘብ የማይቆጭበት አንድ ቦታ ትምህርት ነው። የግል አሰልጣኝ በሰዓት ከ60 እስከ 100 ዶላር ይጠይቃል፤ ከዚያም በላይ የሚጠይቅ አለ። አራት ሆናችሁ ብትከፋፈሉት ግን ለአንድ ሰው ከ15 እስከ 25 ዶላር ነው። ከባልደረቦችዎ ሁለት ጀማሪ ፈልገው አንድ ሰዓት ይውሰዱ። በአንድ ሰዓት ውስጥ አያያዝዎን ያስተካክልልዎታል፤ እሱ ራሱ ለመጀመሪያው ጊዜ ይበቃል።

ወደ ሕጉ ልለፍ። ሜዳው 13.4 ሜትር በ6.1 ሜትር ነው። መረቡ ጎኑ ላይ 91 ሴንቲ ሜትር፣ መሀሉ ላይ 86 ነው። ከመረቡ በሁለቱም በኩል 2.13 ሜትር የሚሰፋ ቦታ አለ፤ ኪችን ይባላል። ጨዋታውን ልዩ የሚያደርገው እሱ ነው፤ ትንሽ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ሰርቭ (ጨዋታውን የሚያስጀምረው ምት) የሚደረገው ከኋላ መስመር ውጭ ቆሞ ነው። እጅዎ ከታች ወደ ላይ መሄድ አለበት፤ ኳሱ የሚመታውም ከወገብ በታች ነው። ኳሱ በሰያፍ ተሻግሮ ኪችኑን አልፎ ያርፋል። የኪችኑ መስመር ላይ ካረፈ ጥፋት ነው፤ ሌላው መስመር ላይ ካረፈ ግን ልክ ነው። ሙከራው አንድ ብቻ ነው። መረቡን ነክቶ በትክክለኛው ቦታ ካረፈ ጨዋታው ይቀጥላል። ለጀማሪ የምመክረው ግን ሌላውን ሰርቭ ነው። ኳሱን ከእጅዎ ዝም ብለው ይልቀቁት። ወደ ላይ አይወርውሩት፣ ወደ ታችም አይግፉት። ነጥሮ ሲነሳ ይምቱት። ይህ ከ2021 ጀምሮ ተፈቅዷል። ኳሱን ከአየር ላይ ለመምታት የሚያስጨንቀውን ነገር ያስቀርልዎታል፤ ከወገብ በላይ ነው በታች የሚለው ክርክርም አይመጣም።

ቀጥሎ ሁለቱ ንጥሮች ናቸው። ሰርቭ የተደረገው ኳስ ተቀባዩ ጋ መንጠር አለበት። ተቀባዩ የመለሰው ኳስም ሰርቭ ያደረጉት ሰዎች ጋ መንጠር አለበት። ከዚያ በኋላ ነው ሳይነጥር በአየር ላይ መምታት የሚቻለው። ይህ ቦታችሁን ይወስናል። እናንተ ሰርቭ ስታደርጉ ሁለታችሁም ከኋላ መስመር አጠገብ ቆዩ። ሰርቭ ስትቀበሉ ደግሞ የማይቀበለው ሰው ከመጀመሪያው ኪችኑ መስመር ላይ ይቁም። የተቀበለውም መልሶ እንደመታ ወደ ፊት ይሂድ። ጀማሪዎች ነጥብ የሚጥሉበት ዋናው ቦታ ይህ ነው፤ ሰርቭ አድርገው ወዲያው ወደ ፊት ይሮጣሉ፣ ኳሱ እግራቸው ሥር ይመጣባቸዋል።

ኪችኑ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው «መግባት አይቻልም» ብሎ ነው። መግባት ይቻላል። የነጠረ ኳስ ለመምታት ገብተው መቆም፣ መቆየትም ይችላሉ። የተከለከለው ኪችኑን ወይም መስመሩን ረግጦ ኳስ በአየር ላይ መምታት ነው። እዚህ ላይ ጠንካራ የሆነ ነገር አለ። ከውጭ ቆመው በአየር ላይ መቱ እንበል። ኳሱ ተቃራኒው ሜዳ ላይ አርፎ ነጥቡ አበቃ። እርስዎ ግን የመቱበት ግፊት ተሸክሞ አንድ እርምጃ ኪችኑ ውስጥ አስገባዎት። ጥፋት ነው። በዚያ ግፊት ባርኔጣዎ እንኳ ወድቆ ኪችኑ ውስጥ ቢገባ ጥፋት ነው። ፓድልዎ ግን አየር ላይ ኪችኑን አልፎ ቢሄድ ምንም የለበትም። ስለዚህ ከመስመሩ አንድ ስንዝር ያህል ፈቀቅ ብለው ይቁሙ።

ነጥብ አቆጣጠሩ መጀመሪያ ግራ ያጋባል፤ በምሳሌ ልሞክረው። ጨዋታው እስከ 11 ነው፤ በሁለት መብለጥ ያስፈልጋል። ነጥብ የሚያገኘው ሰርቭ የሚያደርገው ቡድን ብቻ ነው። ከሰርቭ በፊት ሦስት ቁጥር ይጠራል፦ የራስ ነጥብ፣ የተጋጣሚ ነጥብ፣ ከዚያ አንደኛ ወይስ ሁለተኛ ሰርቭ አድራጊ መሆንዎ። እርስዎና ባለቤትዎ ጀመራችሁ እንበል። እርስዎ በቀኝ በኩል ቆመው «ዜሮ፣ ዜሮ፣ ሁለት» ብለው ይጠራሉ። ቅብብሉን አሸነፋችሁ። ከባለቤትዎ ጋር ቦታ ትቀያየራላችሁ፤ አሁን እርስዎ ከግራ «አንድ፣ ዜሮ፣ ሁለት» ብለው ሰርቭ ያደርጋሉ። ይህን ተሸነፋችሁ። ሰርቩ ወደ ተጋጣሚ ሄደ። ከእነሱ በቀኝ ያለው «ዜሮ፣ አንድ፣ አንድ» ብሎ ይጀምራል። ቢሸነፍ ሁለተኛው ሰው በቆመበት «ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት» ይላል። እሱም ከተሸነፈ ወደ እናንተ ተመለሰ። አሁን በቀኝ ያለው ባለቤትዎ ነው፤ «አንድ፣ ዜሮ፣ አንድ» ብሎ ይጀምራል። ሲጀመር «ሁለት» የተባለው የመጀመሪያው ቡድን አንድ ሰርቭ አድራጊ ብቻ ስለሚኖረው ነው፤ ቀድሞ መጀመር ብልጫ እንዳይሆን ነው። የሚቀበለው ቡድን ቦታ አይቀያየርም። ይህን እቤት ወረቀት ላይ አንዴ ብታደርጉት ቅዳሜ አትደናገሩም።

ዳኛ የለም። እናንተ ጋ ያረፈውን ኳስ ገባ ወጣ የምትሉት እናንተው ናችሁ። ካልተጠራጠራችሁ «ወጥቷል» በሉ፤ ከተጠራጠራችሁ ገብቷል። ሕጉም እንዲህ ነው የሚለው፤ ጨዋታው በሰላም የሚያልቀውም ሰው ይህን ሲያከብር ነው።

አሁን አመታቱ። አብዛኛው ጀማሪ ኳሱን በኃይል ሊመታ ይመጣል። የፒክልቦል ነጥብ ግን የሚሸነፈው ብዙውን ጊዜ በተጋጣሚ ኃይል ሳይሆን በራስ ስህተት ነው፤ ኳሱ ወይ መረቡ ውስጥ ይገባል ወይ ይወጣል። ስለዚህ ቀድመው የሚማሩት ዲንክ ነው። ኪችኑ መስመር ላይ ቆመው ኳሱን በቀስታ አሻግረው ተጋጣሚ ኪችን ውስጥ ያሳርፋሉ። ኳሱ ዝቅ ብሎ ስለሚነጥር ወደ ታች ሊመታው አይችልም።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ፓድሉን ሰው ሲጨብጡ እንደሚይዙት ይያዙ። አያጥብቁት። ጉልበትዎን አጠፍ ያድርጉ፣ ወገብዎን ግን አያጉብጡ። ኳሱን ከሰውነትዎ ፊት ያግኙት። የእጅ አንጓዎ እንዳይላላ፤ እንቅስቃሴው ከትከሻ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ፓድሉ ወደ ኋላ አይሄድም። ከመቱ በኋላ ፓድሉን ወደ ደረትዎ ፊት ይመልሱት። ከባለቤትዎ ጋር ፊት ለፊት ቆማችሁ ኳሱ ሳይቋረጥ 20 ጊዜ እስኪመላለስ ሞክሩ። ከዚያ በሰያፍ አድርጉት። አገር ቤት ትምህርት ቤት ወይም ወጣት ማዕከል ፒንግ ፖንግ የተጫወተ ሰው ይህን ቶሎ ይይዛል፤ እጁ ስለሚያውቀው ነው። ባለቤትዎ ከእነሱ ከሆነ ቀድሞዎት ቢሄድ አይገረሙ፣ ኃይሉን ቀንስ በሉት እንጂ።

ስለ ጉዳት ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ከ40 በኋላ የሚጀምር ሰው ከሚጎዳባቸው መንገዶች አንዱን ልንገራችሁ። ኳስ ከራሱ በላይ ሲያልፍ ፊቱን ወደ መረቡ እንዳደረገ ወደ ኋላ ይሮጣል። ተረከዙ ይይዘዋል፣ ይወድቃል፣ መሬቱን በእጁ ሊቀበል ሲል የእጁ አንጓ ሊሰበር ይችላል። እንዲህ ያለ ኳስ ሲመጣ መጀመሪያ ዞር ይበሉ፣ ከዚያ ወደ ፊት እንደሚሄዱ ሆነው ይሂዱ። ካልደረሱበት ይተዉት። አንድ ነጥብ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ፈጠን ብላችሁ ተራመዱ፤ የባትና የተረከዝ ጅማታችሁን አሟሙቁ። የዓይን መከላከያ መነጽር ከ20 እስከ 40 ዶላር ነው፤ ኪችኑ ላይ ኳስ በቅርብ ርቀት ስለሚመጣ እኔ ግዙ ነው የምለው። ሌላ ሜዳ የነበረ ኳስ ወደ እናንተ ከተንከባለለ ሁሉም ሰው «ቦል!» ብሎ ይጮኻል፤ ወዲያው ቁሙ። ደም ግፊት ወይም ስኳር ካለባችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ዐቢይ ጾም ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ የጠዋቱን ጨዋታ ትታችሁ አመሻሹ ላይ ሂዱ፤ ምግብም ውኃም ባልያዘ ሆድ አትጫወቱ።

እንግዲህ ቅዳሜ ሳይደርስ፣ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ከሥራ መልስ፣ ሁለታችሁ ብቻ የሕዝብ ሜዳ ሂዱ። አንድ ሰዓት ይበቃል። ግማሹን ዲንክ አድርጉ፣ ግማሹን ሰርቭ። ቅዳሜ ባልደረቦችዎ ጋ ሲሄዱ ነጥቡን እነሱ ጮክ ብለው እንዲጠሩ ይጠይቋቸው። ከባለቤትዎ ጋር አንድ ወገን የምትሆኑ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ በመካከላችሁ የሚመጣውን ኳስ ማን ይመታዋል? ሁለታችሁም ቀኝ እጅ ከሆናችሁ በግራ በኩል የቆመው ይምታው፤ ኳሱ በቀኝ እጁ በኩል ነው የሚመጣለት። የሚመታውም «የኔ» ይበል፣ ጮክ ብሎ።